የስንጥቅ ሊቅ፦ የአለን አርኖልድ ግሪፊዝ ሕይወትና ሥራ

ከአዳማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በአሰላ መንገድ የምትገኘው መልካሳ በአዋሽ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። ወደ እርስዋ የሚደርሰው ውሃ በመሐንዲሶች እጅ አልፎ የሚመጣ ነው። አስቀድሞ በ1960 በተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ ተገትቶ ዓሣ አስጋሪዎች በጀልባ የሚመላለሱበትን ሰፊ ሐይቅ ይፈጥራል። ከዚያም የቆቃን ተርባይኖች አዙሮ ከወጣ በኋላ፣ በ1966 እና በ1971 ሥራ በጀመሩት በአዋሽ 2 እና በአዋሽ 3 የኃይል ማመንጫዎች ሌሎች ተርባይኖችን ያዞራል። ምድሪቱም ራስዋ የዋዛ አይደለችም፤ የሥነ ምድር ሊቃውንት በጎረቤትዋ በወንጂ ስም የሰየሙት የስንጥቅ ቀበቶ የስምጥ ሸለቆውን ወለል እየተረተረ በዚሁ አካባቢ ያልፋል።

ጀልባው፣ ተርባይኑና አለቱ በባሕርያቸው የተለያዩ ቢሆኑም፣ ሦስቱንም ከሚያጠፏቸው ነገሮች ዋነኛው ስንጥቅ ነው። ስለ ስንጥቅ ዛሬ መሐንዲሶች የሚያውቁት ነገር አብዛኛው መነሻው አንድ ሰው ነው። ይህ ሰው በሃያ ስድስት ዓመቱ ባቀረበው አንድ ጥናት ስለ ቁሶች ጥንካሬ የነበረውን አስተሳሰብ ከሥሩ ለወጠ። ሆኖም ሥራውን እንዲያቆም ታዘዘ፤ የጥናቱም ዋጋ የታወቀው መርከቦች ለሁለት ከተሰነጠቁና ብዙ ሰዎች ካለቁ በኋላ ነው። ስሙ አለን አርኖልድ ግሪፊዝ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ግሪፊዝ ሰኔ 13 ቀን 1893 በሎንዶን ከተማ ተወለደ። አባቱ ጆርጅ ግሪፊዝ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረ ደራሲ ሲሆን፣ ገና አውሮፕላን ባልነበረበት ጊዜ በአየር ላይ ስለሚደረግ ጦርነትና ወደ ሌሎች ዓለማት ስለሚደረግ ጉዞ ልብ ወለድ ይጽፍ ነበር። አባት በምናብ ያበረራቸውን መርከቦች ልጅ በስሌት ሊያበርር መነሣቱ የሚያስገርም ነው። ይሁን እንጂ ጆርጅ ግሪፊዝ የልጁን ሥራ ለማየት አልታደለም፤ አለን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ በ1906 አረፈ።

ልጁ ያደገውና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የተማረው በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለው ባሕር ላይ በምትገኘው የማን ደሴት ነው። ከዚያም ወደ ሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሜካኒካል ምሕንድስና ተማረ፤ በ1914 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ። ሊቨርፑል የመርከብ ከተማ ናት፤ የብረት ገላ ከማዕበል ጋር የሚታገልበትን ትግል ለማየት ለአንድ ወጣት መሐንዲስ ከዚህች የተሻለ ወደብ በቀላሉ አይገኝም ነበር። የማስትሬትና የዶክተርነት ማዕረጎቹንም ከዚያው ዩኒቨርሲቲ በ1917 እና በ1921 አግኝቷል።

በተመረቀበት ዓመት የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። በ1915 ግሪፊዝ በደቡብ እንግሊዝ ፋርንቦሮ በተባለው ሥፍራ በነበረው የመንግሥት የአውሮፕላን ፋብሪካ በተለማማጅነት ተቀጠረ። ይህ ተቋም ከጥቂት ዓመታት በኋላ የምርምር ድርጅት ሆኖ በዓለም የታወቀ ነው። በዚያን ጊዜ አውሮፕላን የሚሠራው ከእንጨት፣ ከሸራና ከሽቦ ነበር፤ ስለ ጥንካሬው የሚታወቀውም ጥቂት ነበር። ሞተር ተሰብሮ፣ ክንፍ ተገንጥሎ፣ ፕሮፔለር ተሰንጥቆ የሚወድቀው አብራሪ ቁጥሩ ቀላል አልነበረም።

የሳሙናው ጥበብ

ግሪፊዝ በፋርንቦሮ በመጀመሪያ የታወቀው በሳሙና አረፋ ነው። አንድ ዘንግ ሲጠመዘዝ በውስጡ የሚያድረውን ጫና ማስላት፣ ዘንጉ ክብ ከሆነ ቀላል ነው። እንደ ፕሮፔለር ምላስ ቅርጹ የተወሳሰበ ከሆነ ግን በዚያ ዘመን ሒሳብ ሊፈታ የማይችል እንቆቅልሽ ነበር። ጀርመናዊው ሊቅ ሉድቪግ ፕራንትል ግን በተቀደደ ሰሌዳ ላይ ተወጥሮ በአየር የተነፋ የሳሙና ስስ ሽፋን የሚይዘው ቅርጽና በተጠማዘዘ ዘንግ ውስጥ የሚያድረው ጫና በአንድ ዓይነት የሒሳብ ቀመር እንደሚገዙ በ1903 አመልክቶ ነበር።

ግሪፊዝና ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ጆፍሪ ቴይለር ይህን ሐሳብ ወደ ሥራ ለወጡት። የፕሮፔለሩን ቁራጭ መልክ በሰሌዳ ላይ ቀደዱ፤ በቀዳዳው ላይ የሳሙና ሽፋን ዘረጉ፤ በጥቂቱ ነፍተውም ዳገቱንና ቁልቁለቱን ለኩ። ሽፋኑ በጣም በሚያዘቀዝቅበት ቦታ ጫናው ከፍተኛ መሆኑን አረጋገጡ። በዚህ ሥራቸው በ1917 ከእንግሊዝ የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር የቶማስ ሐውክስሊን የወርቅ ሜዳይ ተሸለሙ። የሥራ ባልደረቦቹም ከዚህ የተነሣ ለግሪፊዝ የአረፋ ቅጽል ስም አወጡለት።

የሳሙናው ሽፋን ለግሪፊዝ አንድ ነገር በጉልህ አሳይቶት ነበር። ይኸውም ወደ ውስጥ በገባ ሹል ጥግ ላይ ጫናው ያለ ልክ የሚከመር መሆኑ ነው። ወደ ስንጥቅ ጥናት የመራው መንገድ ከዚህ ይጀምራል።

መስተዋቱ የተናገረው

በ1913 ቻርልስ ኢንግሊስ የተባለ የካምብሪጅ መሐንዲስ ለመርከብ ሠሪዎች ማኅበር አንድ ጥናት አቅርቦ ነበር። የመርከብ ላሜራ ቀዳዳ ሲኖረው በቀዳዳው ጫፍ ላይ የሚያድረው ጫና በስሌት ሲወጣ፣ ክብ ቀዳዳ ጫናውን ሦስት እጥፍ እንደሚያበዛው፣ ቀዳዳው እየረዘመና እየጠበበ ሲሄድ ደግሞ ብዜቱ ወደ አሥርና ወደ መቶ እጥፍ እንደሚያድግ ኢንግሊስ አረጋገጠ። ስንጥቅ ማለት እጅግ ጠባብና ረጅም ቀዳዳ በመሆኑ፣ በስሌቱ መሠረት ማንኛውም ስንጥቅ ያለበት ነገር በትንሽ ጭነት ወዲያው መሰበር ይገባው ነበር። ነገር ግን አይሰበርም። ሕንፃዎች፣ መርከቦችና ድልድዮች በጥቃቅን ስንጥቆችና ጭረቶች ተሞልተው ለዘመናት ይቆማሉ። ከዚህም በላይ በኢንግሊስ ስሌት ወሳኙ የስንጥቁ ቅርጽ እንጂ መጠኑ አልነበረም፤ የሥራ ልምድ ግን ትልቁ ስንጥቅ ከትንሹ ይልቅ አደገኛ መሆኑን ያስተምራል።

ይህን ቅራኔ ለመፍታት ግሪፊዝ ከብረት ፊቱን መልሶ ወደ መስተዋት ዞረ። መስተዋት ሳይጎብጥና ሳይለመጥ በቀጥታ የሚሰበር በመሆኑ የስንጥቅን ባሕርይ ያለ ሽፋን ያሳያል። ስስ የመስተዋት ጡጦዎችንና ቱቦዎችን አዘጋጀ፤ ርዝመታቸው የታወቀ ስንጥቆች አበጀባቸው፤ ከዚያም በውስጣቸው ግፊት እየጨመረ እስኪፈነዱ ድረስ ለካቸው። የተገኘው ውጤት ግልጽ ነበር። ስንጥቁ አራት እጥፍ ሲረዝም መስተዋቱ የሚችለው ጫና በግማሽ ይቀንሳል፤ ዘጠኝ እጥፍ ሲረዝም ወደ ሲሶ ይወርዳል።

ግሪፊዝ ለዚህ የሰጠው ምክንያት ስለ ጉልበት ሚዛን ነው። ጭነት የተሸከመ ነገር እንደ ተለጠጠ የቀስት አውታር በውስጡ ጉልበት ያቆራል። ስንጥቅ ሲሰፋ በዙሪያው ያለው ክፍል ከውጥረት ስለሚያርፍ ያቆረውን ጉልበት ይለቃል። በአንጻሩ ስንጥቁ ሲራዘም ሁለት አዳዲስ ገጾች ይፈጠራሉ፤ ገጽ ለመፍጠርም ጉልበት ይጠይቃል። ገቢውና ወጪው ሲነጻጸሩ፣ ወጪው ከስንጥቁ ርዝመት ጋር እኩል ሲያድግ ገቢው ግን በርዝመቱ ካሬ ያድጋል። ስለዚህ ስንጥቁ አጭር ሳለ ለመራዘም አቅም የለውም፤ ረግቶ ይቀመጣል። ከተወሰነ ርዝመት ካለፈ በኋላ ግን የሚለቀቀው ጉልበት ከሚያስፈልገው ስለሚበልጥ፣ ማንም ሳይነካው በራሱ ይሮጣል። ይህ ወሳኝ ርዝመት ከቁሱ ዓይነትና ከተሸከመው ጫና የሚሰላ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ በግሪፊዝ ስም ይጠራል።

ከዚህም ቀጥሎ ግሪፊዝ ሌላ ጥያቄ አነሣ። መስተዋት በአቶሞቹ ትስስር ቢለካ እጅግ ጠንካራ ሊሆን የሚገባው ሳለ፣ በተግባር ለምን ይህን ያህል ይደክማል? መልሱ በቁሱ ውስጥና በገጹ ላይ ለዓይን የማይታዩ ስንጥቆች አሉ የሚል ነበር። ይህ እውነት ከሆነ ለስንጥቅ ቦታ የማይሰጥ ቀጭን ነገር ጠንካራ ሆኖ መገኘት አለበት። ይህንንም ለመፈተን መስተዋትን በእሳት አቅልጦ ወደ ክርነት ሳበው። አንድ ሚሊሜትር ያህል ውፍረት የነበረው ዘንግ በካሬ ሚሊሜትር 170 ኒውተን ያህል ሲሸከም፣ ከአንድ ሚሊሜትር ሦስት መቶኛ እጅ የሚቀጥን ክር ግን 3,400 ኒውተን ያህል ቻለ። ከአንድ ቋት የወጣ መስተዋት በመቅጠኑ ብቻ ጥንካሬው ሃያ እጥፍ ጨመረ። ከእሳት ወዲያው የወጣው ክር ከሁሉ የበለጠ ጠንካራ ሲሆን፣ በሰዓታት ውስጥ ግን ከጥንካሬው እየቀነሰ መሄዱንም ተመለከተ።

ይህ ጥናት በ1920 ለእንግሊዝ የሳይንስ ንጉሣዊ ማኅበር ቀርቦ በ1921 ታተመ። ትርጉሙም የአንድ ነገር ጥንካሬ የሚወሰነው በውስጡ ባለው ትልቁ ስንጥቅ ነው የሚል ነው።

የእሳቱ ቃጠሎ

ግሪፊዝ መስተዋቱን የሚያቀልጠው ቤን ሎክስፓይዘር ከተባለ ባልደረባው ጋር ነበር። በፋርንቦሮ ሲነገር እንደ ኖረው፣ አንድ ምሽት መስተዋት የሚቀልጥበት የጋዝ እሳት ሳይጠፋ ተረስቶ አደረና ቃጠሎ ተነሣ። አጣሪዎች ተቀመጡ። የአውሮፕላን ጉዳይ በተቋቋመ ድርጅት ውስጥ ሰዎች መስተዋት ሲያቀልጡና ሲሰብሩ መዋላቸው ለአለቆች ፍሬ ቢስ ጨዋታ መስሎ ታየ። አውሮፕላን ከመስተዋት አይሠራምና ይህን ነገር ተዉት ተብለው ታዘዙ። ግሪፊዝም ወደ ሞተር ክፍል ተዛወረ።

በ1924 በኔዘርላንድስ ደልፍት ከተማ በተደረገው የመካኒክስ ጉባኤ ላይ ተጨማሪ ጥናት አቀረበ፤ በዚህም በመጨፍለቅ ኃይል ሥር ያለ አለት እንዴት እንደሚሰነጠቅ አስረዳ። የስምጥ ሸለቆን የመሰሉ አገሮች አለት የሚያጠኑ ሰዎች ዛሬም ይህን ስሌት ይጠቅሳሉ። ከዚያ በኋላ ግን ግሪፊዝ ስለ ስንጥቅ ምርምሩን ተወ። ሎክስፓይዘር በበኩሉ ከጊዜ በኋላ በአገሩ የሳይንስ አስተዳደር ከፍተኛ ሥልጣን ላይ ደርሷል።

ተርባይንና የአንድ ወጣት ልመና

ግሪፊዝ በሞተር ክፍል ያሳየው ብልሃት ከፊተኛው አያንስም። በ1926 ባቀረበው ጽሑፍ፣ እስከዚያ ጊዜ ድረስ የነበሩ የአየር መጭመቂያዎችና የጋዝ ተርባይኖች ውጤት ያጡት ምላሶቻቸው የአየሩን ፍሰት ጠብቀው ስላልተቀረጹ መሆኑን አስረዳ። እያንዳንዱ ምላስ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ሆኖ ቢቀረጽ፣ በረድፍ የተደረደሩ ምላሶች አየርን በዘንጉ አቅጣጫ እየገፉ በቂ ግፊት ሊሰጡ እንደሚችሉ በስሌት አሳየ። ዛሬ መንገደኞችን ጭነው የሚበሩት ትልልቅ የጄት አውሮፕላኖች ሞተሮች በመሠረቱ በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው።

ይሁን እንጂ በዚህ የሕይወቱ ምዕራፍ ስሙን የሚያጠይም አንድ ድርጊት አለ። በ1929 መጨረሻ ላይ ፍራንክ ዊትል የተባለ የሃያ ሁለት ዓመት የአየር ኃይል መኮንን የጄት ሞተር ሐሳቡን ይዞ ወደ አየር ሚኒስቴር መጣ። ጉዳዩን እንዲመረምር የተሰጠው ለግሪፊዝ ነበር። ግሪፊዝ በወጣቱ ስሌት ውስጥ ስሕተት አገኘ፤ የተሰጠው የብቃት ግምት የተጋነነ መሆኑንና የመረጠው የመጭመቂያ ዓይነትም ለአውሮፕላን እንደማይመች ገለጸ። ሚኒስቴሩም ለሐሳቡ ፍላጎት እንደሌለው አስታወቀ። ዊትል በጥር 1930 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ ለብዙ ዓመታት ግን ረዳት አጥቶ ቆየ። በዚህ መካከል ጀርመኖች በነሐሴ 1939 የመጀመሪያውን የጄት አውሮፕላን አበረሩ። የዊትል ሞተር የተገጠመለት የእንግሊዝ አውሮፕላን የበረረው በግንቦት 1941 ነው።

ግሪፊዝ ያገኘው ስሕተት በእርግጥ የነበረ ስሕተት ነው። መጭመቂያውንም በሚመለከት የኋላው ታሪክ ወደ እርሱ አድልቷል። ነገር ግን የአንድን ሐሳብ ጉድለት ማሳየትና ሐሳቡን መዝጋት አንድ አይደሉም። የመስተዋት ሥራው በአለቆች ፍርድ የተቋረጠበት ሰው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እርሱ ራሱ በፈራጅ ወንበር ተቀምጦ ከእርሱ የተለየ መንገድ የያዘን ወጣት ባዶ እጁን ሸኘው። የሌላውን ሥራ መርምሮ ፊርማውን የሚያኖር ባለሙያ ሁሉ ይህን ታሪክ ቢያስታውስ ይጠቅመዋል።

ግሪፊዝ በ1931 ወደ ፋርንቦሮ ተመልሶ የሞተር ምርምርን መራ። በ1939 የሮልስ ሮይስ ኩባንያ ወሰደው፤ በዚያም እስከ 1960 ሠራ። ዓይን አፋርና ብቸኝነትን የሚወድ ሰው ስለ ነበር ብዙውን ጊዜ በእርሳስና በወረቀት ብቻ ያስብ ነበር። አንዳንዱ ንድፉ እጅግ ከመወሳሰቡ የተነሣ ሳይሳካ ቀርቷል። ሌላው ሐሳቡ ግን ለታወቀው የአቮን ሞተር መነሻ ሆኗል። ያለ መንደርደሪያ ቀጥ ብሎ የሚነሣ አውሮፕላንንም ከማንም ቀድሞ ካሰቡት አንዱ ነው፤ ከዚህ የተነሣ የተሠራውና እንግሊዞች በራሪ አልጋ ያሉት የብረት መዋቅር በ1954 ያለ ገመድ ከመሬት ተነሣ። በ1941 የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር አባል ሆኖ ተመረጠ።

መርከቦቹ ሲሰነጠቁ

ግሪፊዝ ስለ ሞተር ሲያስብ በነበረበት በዚያው ጊዜ፣ የተወው ሳይንስ በባሕር ላይ ዋጋ ያስከፍል ጀመር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካውያን ጭነት የሚያመላልሱ መርከቦችን በፍጥነት ለመሥራት በሚስማር መብሳቱን ትተው ላሜራውን በብየዳ ማያያዝ ያዙ። በሚስማር በተያያዘ መርከብ ላይ የሚነሣ ስንጥቅ ከአንዱ ላሜራ ጠርዝ ሲደርስ የመቆም ዕድል አለው። በተበየደ መርከብ ላይ ግን ገላው በሙሉ አንድ በመሆኑ የሚያቆመው ነገር የለም።

በጥር 1943 ስኬነክታዲ የተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ በኦሬገን ግዛት በፖርትላንድ ወደብ፣ ማዕበል በሌለበት ውሃ ላይ ቆማ ሳለች በድንገት መካከልዋ ተሰነጠቀ። በባሕር ላይ የተሰበሩ ሌሎች መርከቦችም ከነመርከበኞቻቸው ጠፉ። ስንጥቆቹ ብዙውን ጊዜ የሚነሡት አራት ማዕዘን ከሆነው የጭነት በር ጥግ ሲሆን፣ ይህም ኢንግሊስ በ1913 ለመርከብ ሠሪዎች ያስጠነቀቀው ሹል ጥግ ነው። የካምብሪጅዋ ሊቅ ኮንስታንስ ቲፐር ብረቱ በብርድ ጊዜ እንደ መስተዋት የሚሰባበር መሆኑን አረጋገጠች።

ይህ አደጋ ሊቃውንትን ወደ ተረሳው የ1921 ጽሑፍ መለሳቸው። በዋሽንግተን የባሕር ኃይል ምርምር ላቦራቶሪ የሚሠራው ጆርጅ ኧርዊን የግሪፊዝን ሐሳብ ብረትን ለመሰለ ለመጥ የሚል ቁስ እንዲሆን አሰፋው፤ በ1957ም የስንጥቅ ጫፍ ጫናን በአንድ መጠን የሚገልጸውን ስሌት አወጣ። በ1954 ሁለት የኮሜት ጄት አውሮፕላኖች በአየር ላይ ሲበታተኑ፣ ምክንያቱን ያገኘው ግሪፊዝ መስተዋት ያቀልጥበት የነበረው የፋርንቦሮ ድርጅት ነው። የአውሮፕላኑን አካል በትልቅ የውሃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው ግፊት ሲያመላልሱበት፣ ስንጥቁ ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ ወሳኙን ርዝመት ሲያልፍ አካሉን ቀደደው።

የመስተዋት ክር በጀልባ ገላ

አውሮፕላን ከመስተዋት አይሠራም የተባለው ፍርድ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይቆይ ተሻረ። በ1930ዎቹ አሜሪካውያን የመስተዋት ክር በፋብሪካ ማምረት ጀመሩ፤ በ1940ዎቹም ክሩን በሬዚን እያጣበቁ ጀልባና የአውሮፕላን ክፍል ሠሩበት። ፋይበርግላስ የተባለው ይህ ነው። ክሩ ጠንካራ የሆነበት ምክንያት ግሪፊዝ ያረጋገጠው ነው። በሬዚኑ ውስጥ የሚሄድ ስንጥቅም ክር ሲገጥመው ጫፉ ይደንዝና ወደ ጎን ይቀየሳል፤ አንድ ክር ቢበጠስ አደጋው ወደ ጎረቤቱ በቀላሉ አይተላለፍም። የጣናና የዝዋይ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ታንኳቸውን ከደንገል እስር መሥራታቸው በዚሁ ጥበብ ላይ የቆመ ነው፤ አንድ ደንገል ቢሰበር እስሩ ታንኳውን ይዞ ይሄዳል።

እንግዲህ የቆቃ ወይም የዝዋይ ሐይቅ የፋይበርግላስ ጀልባ ተሰንጥቆ ወደ መልካሳ ወይም ወደ አዳማ ለጥገና ቢመጣ፣ የግሪፊዝ ትምህርት በሥራ ላይ የሚውለው እንዲህ ነው። ባለሙያው ከሁሉ አስቀድሞ ስንጥቁን ማንበብ አለበት። ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ እንደ ሸረሪት ድር የሚበተን ስንጥቅ ድንጋይ ወይም ሌላ ጠጣር ነገር መምታቱን ያመለክታል፤ በዚህ ጊዜ የጀልባው የውስጥ ገጽ መታየት አለበት፤ ነጣ ያለ ቦታ ከተገኘ ክሮቹ ከሬዚኑ ተላቅቀዋል። በማጠንከሪያ አግዳሚ ወይም በመቀመጫ ሥር ጎን ለጎን የተሰለፉ ስንጥቆች ገላው በዚያ ቦታ በየማዕበሉ የሚታጠፍ መሆኑን ያስረዳሉ። እንደ ደረቀ ጭቃ በሰፊው የተንቃቃ ገጽ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የላይኛው ልባስ ከመጠን በላይ ወፍሮ ወይም በፀሐይ አርጅቶ የመጣ ሲሆን፣ ወደ ክሮቹ ላይደርስ ይችላል። ከብሎን ቀዳዳ ወይም ከሹል ጥግ የሚነሣው ስንጥቅ ኢንግሊስና ግሪፊዝ የገለጹት ዓይነተኛው ነው።

ቀጥሎ ጥልቀቱ ይመረመራል። በሳንቲም ወይም በትንሽ መዶሻ ሲያንኳኩት ጤናማው ክፍል ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ንብርብሩ የተላቀቀው ግን የታፈነ ድምፅ ያሰማል። ወደ ስንጥቅ የሚሠርግ ባለ ቀለም ፈሳሽ ቀብቶ ላዩን ማጽዳትም ዓይን የሳተውን መስመር ያወጣል። የስንጥቁ ሁለት ጫፎች በእርሳስ ተመልክተው ርዝመቱና ቀኑ መጻፍ አለበት። ጀልባው ከሠራ በኋላ ምልክቱን ያለፈ ስንጥቅ በሕይወት ያለ ስንጥቅ ነው። ፋይበርግላስ ንብርብር በመሆኑ የግሪፊዝ ቀመር እንደ ተራ መስተዋት በቀጥታ አይሰላበትም፤ ርዝመትን የመለካትና ዕድገትን የመከታተል ሕግ ግን ጸንቶ ይኖራል።

በጥገናው የሚፈጸመው ትልቁ ስሕተት ስንጥቁን በስቱኮ ደፍኖ ቀለም መቀባት ነው። ስቱኮ ክር ስለሌለው ጭነት አይሸከምም፤ የስንጥቁ ጫፍም ከሥር እንደ ሾለ ይቀራል። ጀልባው ለዓይን ሲያምር አደጋው ግን እንዳለ ነው። ትክክለኛው ሥራ የተጎዳው ክፍል ጤናማ ክር እስኪገኝ ድረስ በግራይንደር ተልጎ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ከመላጉ በፊት ቅባትና ሰም በአሴቶን ይጠረጋል፤ አለዚያ ብርጭቆ ወረቀቱ ቅባቱን ወደ ውስጥ ይከተዋል። ጠርዙ ቀስ እያለ እንዲሳሳ መደረግ ይገባዋል፤ በአምስት ሚሊሜትር ገላ ላይ በየጎኑ ስድሳ ሚሊሜትር ያህል፣ ማለትም የውፍረቱን አሥራ ሁለት እጥፍ መዘርጋት የተለመደ ነው። እንዲህ ሲሆን ጭነቱ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ክር በሰፊ ገጽ ይተላለፋል፤ አዲስ ሹል ጥግም አይፈጠርም። ወደ ጥገና ሥፍራ እስኪደርስ ድረስ ስንጥቁን ለማቆየት ጫፉ ላይ ክብ ቀዳዳ መብሳት የሚጠቅመውም፣ ክብ ቀዳዳ ጫናን ሦስት እጥፍ ብቻ ስለሚያበዛ ነው።

ገላው በደንብ ከደረቀ በኋላ የመስተዋት ጨርቁ በሬዚን እየራሰ በንብርብር ይለጠፋል፤ የአየር አረፋም በሮለር ተጨፍልቆ ይወጣል። ከአሮጌ ፖሊስተር ጋር በመጣበቅ ኤፖክሲ ይበልጣል። ፖሊስተር ከተመረጠ ማጠንከሪያው ከአንድ እስከ ሁለት በመቶ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ሙቀት ግን ፈጥኖ ስለሚረጋ፣ በማለዳ በጥላ ሥር ጥቂት ጥቂቱን መበጥበጥ ይሻላል። ማጠንከሪያው ዓይን ውስጥ ቢገባ ሊያሳውር ስለሚችል ያለ መነጽርና ያለ ጓንት መሥራት አይገባም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ስንጥቁን የወለደው ምክንያት ካልተወገደ ጥገናው ከንቱ ነው። ብሎኑ በሥሩ ሰፊ ማሳረፊያ ካልተደረገለት፣ የአግዳሚው ጫፍ በድንገት ከመቆረጥ ይልቅ ቀስ እያለ እንዲከሳ ካልተደረገ፣ ጥጉም ካልተድበለበለ፣ አዲሱ ገላ ከአሮጌው ጎን ይሰነጠቃል። በጀልባው ላይ ሌሊት መረብ የሚጥለው ሰው በውስጡ ያለውን ስንጥቅ አያየውም፤ ሕይወቱን የጣለው በጠጋኙና በመርማሪው እውቀት ላይ ነው።

ዕረፍት

አለን አርኖልድ ግሪፊዝ ጥቅምት 13 ቀን 1963 በሰባ ዓመቱ አረፈ። በሚሞትበት ጊዜ የስንጥቅ ሳይንስ ከአቶሚክ ኃይል ማመንጫ ጋን እስከ አውሮፕላን ክንፍ ድረስ የደኅንነት መለኪያ ሆኖ ነበር። መነሻው የሆነውን ጽሑፍ የደረሰው ሰው ግን ከአርባ ዓመት በፊት ከላቦራቶሪው ከወጣ ወዲህ ወደ መስተዋቱ አልተመለሰም። እርሱ ያቆመው ምርምር በጊዜው ቀጥሎ ቢሆን ኖሮ በ1943 ክረምት የትኞቹ መርከበኞች ወደ ቤታቸው ይገቡ እንደ ነበር ማንም ሊቆጥረው አይችልም።

ዛሬ አንድ ባለሙያ ከአዋሽ ዳር ካለ የተርባይን ምላስ ወይም ከሐይቅ የወጣ ጀልባ ፊት ተንበርክኮ፣ የስንጥቅን ጫፍ በእርሳስ ሲያመለክትና ርዝመቱን ከነቀኑ በመዝገብ ሲያሰፍር፣ በፋርንቦሮ የተቋረጠውን ሥራ እየቀጠለ ነው።